ፌንጣ የት ትዝለል?

መስከረም 20

ለልጄ ሚስት፣

እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅም። ደህና ብትሆኚ ኖሮ እዚያ ተራራ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ አትተኚም ነበር። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በተረፈው ጊዜ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወደ አልጋው ትዘላለች። ፌንጣ ብዬ ስም ያወጣሁላት በከንቱ አይደለም። አባቷም ደህና ነው፤ ሥራ በዛብኝ እያለ ያመሻል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ የምትቀልጂ መስሎኝ ነበር። ሰው ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ የሰባት ዓመት ልጁን አማቱ ላይ ጥሎ፣ ስለ ጂምናስቲክ ክለብ ይጽፋል? ያውም ሦስት ክለብ ዘርዝሮ፣ «በዓይንዎ አይተው ይምረጡልኝ» ብሎ? እኔ በዕድሜዬ በጭንቅላቴ የቆምኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ከአውቶቡስ ደረጃ ስወድቅ ነው።

እምቢ ልልሽ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ልጄ ነው። «እማዬ አትድከሚ፣ እኔ መርጫለሁ፣ የመስታወቱ ክለብ ነው የምትገባው» አለኝ። ነገሩ አላማረኝም። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ካልሲ እንኳ ራሱ መርጦ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ላይ ቲኬት ስቆጣጠር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሳይጠየቅ ቲኬቴን ላሳይሽ የሚል ተሳፋሪ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ትናንት የመጀመሪያውን ጅምናስትክ አየሁልሽ፤ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያለውን። አሰልጣኟ ሃያ ስምንት ልጆች ይዛለች፤ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያላት፣ ሁለቱም ሰዓቷ ላይ ናቸው። ወላጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አንዷ እናት ልጇ በተገለበጠች ቁጥር ወንበሯ ላይ አብራ ትገለበጣለች። አንዲት ልጅ ሙሉውን ሰዓት መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልላ አሳለፈች፤ ፈልጎ ያጣት ሰው የለም። ጅምናስቲክ ይሉታል ይሄንን። ሰርዤዋለሁ።

ስልክ ይደውሉልኝ ያልሽውን ተይው። የእናንተ ሆስፒታል ስልክ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ይቆረጣል፤ እስኪቆረጥም የምሰማው ስትስይ ነው።

አማትሽ


መስከረም 29

ለእማማ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ነሽ ብለው ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ መልስ ከመፈለግ አሳረፉኝ።

የማተሚያ ቤት አራሚ ስለሆንኩ ይቅር ይበሉኝና፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት ጽፈውታል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ጂምናስቲክስ ነው።

ልጇን ጥላ ስለ ክለብ ትጽፋለች ብለዋል። ስለ ምን ልጻፍ? ስለ አክታዬ? እዚህ አጠገቤ የተኙት ሴትዮ የሚያወሩት ስለ አክታቸው ነው፤ በቂ ነው። ፌንጣ ከቁም ሣጥን ላይ መዝለል የጀመረችው እኔ ከታመምኩ ወዲህ ነው። አራት ወር ሙሉ እቤት የገባው ሁሉ «ዝም በይ፣ እናትሽ ተኝታለች» ይላት ነበር። ልብ ብለው አይተው እንደሆነ ስትዘል እንጂ ስታርፍ አትሰማም። ኮሽ ሳትል ማረፍ ተምራለች። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን መቻል የለባትም። የሚያያት ሰው ባለበት ቦታ እንደ ልቧ ዘላ፣ እንደ ልቧ ድምፅ እንድታሰማ ፈልጌ ነው።

የመስታወቱን ክለብ ባለቤቴ መርጦ ጨርሷል ካሉ እሱን በደንብ ይዩልኝ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ይቀመጡ። ለእሱ ሳይነግሩት ቢሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሲነገረው ይቸኩላል።

የልጅዎ ሚስት


ጥቅምት 9

ለልጄ ሚስት፣

ቃሉን ካበላሸሁት ከእንግዲህ መገለባበጥ ብዬዋለሁ፤ እሱንም እንደሆነ አርሚ።

አስተራረፏን አየሁት፤ እንዳልሽው ነው። እንዴት ሳላየው እንደቀረሁ አላውቅም። «ከዛሬ ጀምሮ ስታርፊ እግርሽን አሰሚ» አልኳት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሊናገረኝ ወጥቶ ነበር፤ እንደ አመጣጡ መልሼዋለሁ።

ፌንጣን ይዤ የመስታወቱን ክለብ አየሁ። በር ጠባቂው ከላይ እስከ ታች የሚያብለጨልጭ ቁልፍ የተደረደረበት ኮት ለብሷል። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። ሰው የሚያሰለጥኑ መስሎኝ ነበር፤ አሥራ አራት ቁልፍ የሚያለብሱት ጦር ሊያዘምቱ መሆን አለበት። ሰውየው «ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። እኔን። በዕድሜዬ ሙሉ ቀጠሮ ሳልይዝ ሰው ላይ የገባሁትን። ወንበሩን ስቤ ከፊቱ ተቀመጥኩ፤ ሲደክመው አሳለፈኝ።

ውስጡ ሦስቱም ግድግዳ መስታወት ነው። አሥር ልጅ ሠላሳ ይመስላል፤ ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። ፍራሹን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እንግዳ በሚያየው በኩል ወፍራም ነው፣ አዲስ ነው። ከዓምዱ በስተጀርባ ያለውን ስጫነው ጣቴ ሲሚንቶ ነካ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው ብዬ ብጠይቅ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ የሚያውቅ የለም። አሰልጣኙ ልጆቹን በስማቸው አይጠራም፤ አንቺ ወፍራሟ፣ አንቺ እንቅልፋሟ ይላቸዋል። የራሱ ሆድ ከእሱ ቀድሞ ነው አዳራሽ የሚገባው።

ስለ መዝጋቢዋ የምጽፈው የለም።

ሦስተኛው ድሮ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። የመኪና ዘይት ይሸታል። የሚያሰለጥነው ሰውዬ ቀን ቀን ቧንቧ ይሠራል፤ የሱሪው ጉልበት ላይ የቧንቧ ማሸጊያ ነጭ ክር ተጣብቆበታል። አሥራ አንድ ልጆች አሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ ያስተማራቸው መውደቅ ነው። በጎን መውደቅ፣ በጀርባ መውደቅ፣ ክንድን ሰብስቦ መውደቅ። ሚዛን ጠብቀው የሚሄዱበት ቀጭኑ እንጨት ላይ አንድም ልጅ አልወጣም። ገና ናቸው አለኝ። መውደቅ ለመማር ሰው ከቤቱ ይወጣል? ልጄ ሲሰማ ሳቀ፤ «ፌንጣ መኪና ናት እንዴ ጋራዥ የምትገባው?» አለ። እኔም ሳቅሁ።

ሦስቱንም ንቄያቸዋለሁ። እስክወስን ታገሺ።

አማትሽ


ጥቅምት 16

ለእማማ፣

ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀይሮልኛል። ክብደቴን አይጠይቁኝ። መስኮታችን በቀን ሁለቴ ይከፈታል፤ እሱ ነው ዜናችን።

ስለ ቧንቧ ሠራተኛው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆቹን ሁሉ ያያል፣ አይቸኩልም፣ አይሳደብም። ከሱሪው በቀር የነቀፉትን ነገር ላገኝ አልቻልኩም። መቼ ነው የሚወስኑት?

ሌላም አለ። ለበር ጠባቂው ኮት አንድ አንቀጽ ሙሉ ሰጥተዋል። ለአሰልጣኙ ሆድ እንኳ ቦታ አልጠፋም። ለመዝጋቢዋ አንድ መስመር፤ እሱም የሚጻፍ የለም የሚል። በእኔ ሥራ እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥመን ከዋናው ጽሑፍ አንድ ነገር ወድቋል እንላለን፤ ተመልሰን ዋናውን እንፈልጋለን። ምን ዓይነት ሴት ናት?

የልጅዎ ሚስት


ጥቅምት 30

ለልጄ ሚስት፣

መልስ ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።

መዝጋቢዋ እንደ ማንኛዋም ሴት ናት። የክለቡን ነገር ለጊዜው ብንተወው ይሻላል፤ ብርዱም ጠንቷል። ልጄ ሥራ ላይ ነው። ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል። አንቺ ስለ ጤናሽ ብቻ አስቢ። መድኃኒትሽን ሰዓቱን ጠብቀሽ ውሰጂ። ልጅሽ ከታች ራሷ ጽፋልሻለች።

አማትሽ

እማዬ ደህና ነኝ። አያቴ ሾርባ ሠራችልኝ። ክለብ አልሄድኩም። ፌንጣ


ኅዳር 5

ለእማማ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ልጄ የጻፈችው ፊደል ሁሉ ወደ ግራ ተንጋዷል፤ ቀለሙም በመዳፍ ጎን ተጠርጓል። ልጄ በቀኝ እጇ ነው የምትጽፈው። ቀኝ እጇ ምን ሆነ?

«ክለብ አልሄድኩም» የሚለውንም እሷ አላሰበችውም። ልጅ ያልተጠየቀውን አይክድም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድም ሰው አልሰደቡም። ጎረቤቶቹን እንኳ። ዘጠኝ ዓመት አውቅዎታለሁ፤ ማንንም ሳይነቅፉ አንድ ገጽ ሊጽፉ የሚችሉት ትልቅ ነገር ሲደርስ ብቻ ነው።

ሁሉንም ይጻፉልኝ። ለሳንባዬ ብለው አይቆጥቡ።


ኅዳር 10

ለልጄ ሚስት፣

ልጅሽ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። አንድ ቦታ ነው። ጄሶ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ በስድስት ሳምንት ይድናል ብሏል። መጀመሪያ ይህን ጻፍኩልሽ፤ አሁን ቀሪውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ጥቅምት 22 ቀን ጠዋት የራሴን ቤት ልከፍትና ላናፍስ ሄጄ ነበር። ልጄ እኔ እስክወጣ ጠብቆ፣ ፌንጣን ይዞ፣ የመስታወቱ ክለብ ሄደ። እኔ እስክወስን መጠበቅ ሰልችቶኛል አለ ኋላ። ያ ባለ ሆዱ አሰልጣኝ ገና በመጀመሪያ ቀኗ ቀጭኑ እንጨት ላይ አወጣት። «ዝላይ ትወዳለች ተብዬ ነበር» ብሎኛል ስጠይቀው። ዘለለች። የወደቀችው ከዓምዱ በስተጀርባ ነው፤ እኔ ጣቴ ሲሚንቶ የነካበት ቦታ ላይ። ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

አባቷ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ በሩ ተዘግቶ። አባቴን ጥሩልኝ ብላ የምታዝዝ ልጅ እንዳልሆነች ታውቂያለሽ፤ ራሷ ተነስታ ሄደች። እኔ ሆስፒታል ስደርስ እንዲህ አለችኝ፦

«በግራ እጄ አንኳኳሁ። አባባ ቆይ አለኝ።»

እሷም ቆየች። አላለቀሰችም። ኮሽም አላለች። የሌላ ልጅ እናት መጥታ እጇን አይታ እስክትጮህ ድረስ እበሩ ላይ ቆማ ቆየች።

ስለ መዝጋቢዋ ያልጻፍኩልሽን አሁን ልጻፈው። እኔና ልጅሽ መጀመሪያ የሄድን ቀን ገና በሩን ስናልፍ፣ ሴትዮዋ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ «ፌንጣ፣ መጣሽ?» አለቻት። ይህንን ስም ከእኛ ቤት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ልጅሽ እስከዚያ ቀን ሴትዮዋን አይታ አታውቅም ነበር። ያኔውኑ ገባኝ። ሁለት ሳምንት አውቄ ዝም አልኩ። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን በማግስቱ ጽፌልሽ ነበር፣ ሌላም አብሬ ጨምሬ ነበር። የራሴ ሲሆን ዓይኔ ጠፋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘመዴን ሳልለይ ስቀጣ ኖሬ፣ በጡረታዬ አንዱን አሳለፍኩት።

ልጄ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «ልጆች መቼም ይወድቃሉ» አለኝ። ቤት ስንገባ ሻንጣውን አወጣሁለት።

ፌንጣ ያንን ደብዳቤ እንድትጽፍ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ውሸቱንም እኔ ነኝ ያስጻፍኳት።


ኅዳር 17

ለእማማ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ነርሷ መጥታ ትኩሳቴን ለካች፤ ምንም የለኝም። ሰው በዚህም ትኩሳት አይይዘውም ማለት ነው።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። አውቅ ነበር። ሰኔ ላይ፣ እዚህ ከመግባቴ በፊት፣ ከኮቱ ኪስ የዚያን ክለብ የማስታወቂያ ወረቀት አገኘሁ። ከጀርባው በእጅ የተጻፈ ነገር ነበረበት፤ ሁለት መስመር። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እንጀራዬ ነው። ሴት ናት፣ ቸኩላለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ታገኘዋለች። ወዲያው እሱ «ለምን ፌንጣን ክለብ አናስገባትም?» ማለት ጀመረ። ልጁን ሰበብ አድርጎ ሊመላለስ ነበር።

ብነግርዎ አያምኑኝም ነበር። በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ይሉ ነበር። ስለዚህ የእርስዎን ዓይን ላክሁ። ያንን ክለብ ከሌሎች ሁለት መሐል አስገብቼ «በዓይንዎ አይተው ይምረጡልኝ» አልኩ። አይተው በዚያኑ ቀን ቤቱን በጩኸት እንደሚያናጉት እርግጠኛ ነበርኩ። ዝም ይላሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ዝም ብለው አይቼዎት አላውቅማ።

ስለ ዝላዩና ስለ ኮሽታው የጻፍኩት እውነት ነው። ግን ከእውነቱ ስር ሌላ ነገር ደብቄ ላክሁት፤ ልጄ ደግሞ በመሐሉ ወደቀች። እርስዎ ሁለት ሳምንት ነው ዝም ያሉት፤ እኔ አምስት ወር። እዚህ ተኝቼ ብዙ ሰው ንቄያለሁ። ባለቤቴን፣ ሴትዮዋን፣ እርስዎንም፣ ብዙ ጊዜ። እንደ ራሴ ግን ማንንም አልናቅሁም።


ኅዳር 24

ለፌንጣ እናት፣

ሦስት ቀን አልመለስኩልሽም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። ልጄን በገዛ እጄ አስያዝሽኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤት ይሠራዋል፤ ምራት አይሠራውም። ከዚያ ደግሞ ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላምንሽም ነበር። «ወንድ ልጅ ታማሚ ሚስት ይዞ ሲያመሽ ሥራ እንዳለው ነው» ብዬ እሟገትሽ ነበር። እንዲያውም አንቺን ወቅሼ አንድ ሙሉ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ይቅር ልልሽ ያቃተኝ ማወቅሽ አይደለም፤ እኔን በትክክል ማወቅሽ ነው።

ልጄ ቅዳሜ ቀሪ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ሸሚዞቹን አጥፌ ጠበቅኩት። ጥፋቱን ሲያስረዳኝ ጥፋተኞቹ ብዙ ናቸው፤ አሰልጣኙ፣ ፍራሹ፣ ያንቺ ሕመም፣ የእኔ ጭቅጭቅ። ራሱን ብቻ ረሳው። መጨረሻ ላይ «እናቴ ነሽ፣ ከእኔ ጋር መቆም ነበረብሽ» አለኝ።

«እናትህ ስለሆንኩ ነው የማውቅህ» አልኩት።

ፌንጣን ሳማት። እሷም ሳመችው፣ ሻንጣውን እስከ ደረጃው በግራ እጇ ገፋችለት። ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም። በመስኮት ብመለከት መዝጋቢዋ እታች ብርዱ ላይ ቆማለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አቁሟታል። እሷንም ቆይ ብሏት ይሆናል።

ማታ ማታ ልጅሽ አትዘልም ነበር። ከመጋረጃው ጋር ተጠግታ ትቀመጣለች። ትናንት ግን በራሷ አፍ «የሚወድቁት ልጆች ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ። ሄድን። ቧንቧ ሠራተኛው ጄሶዋን አየና እንዴት እንደወደቀች ጠየቃት። እሷም ነገረችው፤ ክንዷን ዘርግታ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚወድቀው፤ እስኪማር» አላት። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ቀጠለ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሰዓቱን ሙሉ አየቻቸው። ከወር ተኩል በፊት የሳቅሁበትን ነገር ቁጭ ብዬ አብሬ አየሁ። ያኔ ወስኜ ቢሆን ኖሮ ይህ እጅ ባልተሰበረ። ንቀት ሥራ መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ለካ ሰው ሦስት ነገር ንቆ ምንም ሳይሠራ መዋል ይችላል።

አማትሽ፤ አሁንም ቢሆን


ታኅሣሥ 14

ለእማማ፣

ሳምንት ሙሉ የተመረመርኩት አክታ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ከእኔ በላይ ተደሰቱ፤ አልጋዬ ከመስኮቱ ጎን ነው። ጥር 8፣ ሐሙስ፣ እወጣለሁ።

ሐኪሙ ለጥቂት ወራት ደረጃ አትውጪ ብሎኛል። የእኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። የእርስዎ ከመሬት ጋር እኩል ነው። ይህን ስጽፍ እያላበኝ ነው፤ ትኩሳት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት አንድ ሰዓት እንኳ ሳልጨርስ የምወጣበትን ሰበብ ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ እርስዎም ሰበቡን እያወቁ ኮቴን ያቀብሉኝ ነበር። አሁን የምጠይቅዎ እዚያ እንድኖር ነው። እምቢ ካሉ ይገባኛል፤ ሌላ ምድር ቤት እፈልጋለሁ።

እሺ ካሉ ከላይኛው ቤት የፌንጣን አልጋ፣ የእኔን መዝገበ ቃላትና የክረምት ጫማዬን ብቻ ያምጡልኝ። ሌላውን ለልጅዎ ይተዉለት። ካልሲም ቢሆን አሁን ይምረጥ።


ታኅሣሥ 28

ለፌንጣ እናት፣

ቤቱን ቀይረናል። መዝገበ ቃላትሽ ከምድጃ ይከብዳል፤ የተሸከመው ሰውዬ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ቅር አለው። አልጋሽን ከመስኮቱ ስር አድርጌዋለሁ። ኩሽናዬ ውስጥ ሐሳብ እንዳትሰጪ፤ ቀሪውን ክፍል እንደፈለግሽ አድርጊው። እኔ ዝም ማለት የማልችልባቸው ነገሮች አሉ፤ ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ አንቺም ያንቺን ንገሪኝ። ከእንግዲህ በመሐላችን ወንድ የለም፣ በቀጥታ እንጣላለን።

የልጅሽ ጄሶ ከወጣ ሦስት ሳምንት አለፈው። እጇ ቀጥኗል፤ ሐኪሙ ግን ፈቅዷል። ትናንት ጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። አብሬ አልገባሁም፣ ውጭ ቆምኩ። እኔ ሳያት ወደ እኔ ታያለች፤ ወደ ፍራሹ ማየት አለባት። ስትወጣ ጉልበቷ በዘይት ጠቁሯል። እንዴት ነበር አልኳት። ራበኝ አለች።

የምዝገባ ቅጽ የሚባል ነገር የላቸውም። ሰውየው የልጆቹን ወላጆች ስልክ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ነው የሚጽፈው፤ አደጋ ቢደርስ ማንም ሰው መሳቢያ ሳይከፍት እንዲያገኘው ብሎ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ስም። ከስሞቹ ግማሹ ፊደሉ የተሳሳተ ነው፤ አይተሽ ዝም ማለት እንደማትችይ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ። ለፌንጣ የመጀመሪያውን የእኔን አጻፍኩት። ሁለተኛው ማን ይሁን አለኝ፣ አባት አላት ወይ አለኝ።

«አላት፤ ቦታውን ግን ባዶ ተወው» አልኩት። «እናቷ ጥር 8 ትመጣለች። ራሷ ትጽፈዋለች።»